የስፌት መኪናሽን አትሽጪ

ይድረስ ለልጄ እናት፤

ሰላምታዬ ከዚህ ከጋራዡ የወንበር መስፊያ ጠረጴዛዬ ተነስቶ፣ መንገድ ላይ ሳይደክመው፣ አንቺ ያለሽበት ድረስ ይድረስሽ። እንደምን ከረምሽ? ወገብሽ እንዴት ነው? ያ ቀኝ ትከሻሽ ብርድ ሲገባ አሁንም ይቆረጥምሻል ወይ? ዓይንሽስ? ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር በመብራት አትስፊ ስልሽ ኖሬያለሁ፤ ግን አንቺ የእኔን ቃል የሰማሽው በዕድሜሽ አንድ ቀን ነው፣ እሱም እሺ ብለሽ ያገባሽኝ ቀን፤ ያም ቢሆን ምክር ሳይሆን ልመና ነበር። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሁለት ጥርስ ቀንሻለሁ፣ ወሬ ግን አልቀነስኩም።

አሁን ወረቀቱን ገልብጠሽ ማን ጻፈለት ብለሽ እንዳትፈልጊ። ማንም አልጻፈልኝም። ይህ የገዛ እጄ ነው። እስካሁን የደረሱሽን ሦስት ደብዳቤዎች የጻፈችው የጋራዡ ጸሐፊ መሆኗን ታውቂያለሽ፤ "የተከበርሽ" የምትለዋ ቃል የእሷ ናት፣ አንቺን ማክበሬን እኔም የሰማሁት ከእሷ አፍ ነው። ቀልዴን ሁሉ "ይሄ ለደብዳቤ አይሆንም" እያለች እየዘለለች፣ እኔን የመሰለ ሰው እንደ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ አድርጋ ስትልከኝ ኖረች።

የማታ ትምህርት ከገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያልነገርኩሽ ብወድቅ እንዳታውቂ ብዬ ነው። መምህራችን ጡረታ የወጣች ታይፒስት ናት፤ ከአርባ ዓመት በላይ የሰው ጽሑፍ አይቻለሁ፣ እንዳንተ ያለ ግን አይቼ አላውቅም አለችኝ። ምስጋና ይሁን ስድብ አልጠየቅኳትም፤ የተጠራጠርከውን ለራስህ አድላ ነው የእኔ ሕግ። ክፍል ውስጥ ሦስት ነን፤ እኔ፣ አንዲት አትክልት ሻጭና የመጋዘን ጥበቃ። ጥበቃው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚማረው፤ መምህሯ ስትቀሰቅሰው "አልተኛሁም፣ እየጠበቅኩ ነው" ይላታል። በፈተና አንደኛ ወጣሁ። ከሦስት ሰው ነው ብለሽ እንዳትስቂ፣ አንደኛ አንደኛ ነው። አራት ነጥብ የት ይቀመጣል ብዬ ብጠይቃት "ሐሳብህ ሲያልቅ" አለችኝ፤ የእኔ ሐሳብ ደግሞ መች አልቆ ያውቃል፣ ስለዚህ ትንፋሼ ባለቀበት እያስቀመጥኩ ነው።

ደብዳቤሽን የአውቶቡሱ ሾፌር ያመጣልኝ ያለፈው ሳምንት ነው። እንደ ድሮው ወደ ጸሐፊዋ ልሮጥ እግሬ ተነስቶ ነበር፤ ከዚያ "አንተ ሰው፣ ወዴት ነው?" አልኩት እግሬን። ከጭነት መኪና ተፈትቶ የመጣ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ራሴ አነበብኩት። በመጀመሪያው ዙር ፊደሉን ሳሳድድ ነገሩ አመለጠኝ። በሁለተኛው ዙር ነገሩን አገኘሁት፤ ሳላገኘው ብቀር ብዬ የተመኘሁትም ያኔ ነው።

በትክክል አንብቤው እንደሆነ ልንገርሽና አንቺ አርሚኝ። የሰፋሻቸውን የተማሪ ልብሶች ልጆቹ ለብሰው ሲዞሩ በስልክሽ እየቀረጽሽ፣ በነጻው አፕ እየቆራረጥሽ፣ ለደንበኞችሽ መላክ ጀምረሻል። ሰውም ወዶልሻል። ሥራውን ብቻ ሳይሆን መቆራረጡን ራሱን ወደድሽው። ከዚያ የኮምፒውተር መሸጫው ሰውዬ "ይሄ የልጅ መጫወቻ ነው፤ ባለሙያዎቹ የሚሠሩበትን ትልቁን ፕሮግራም ግዢ፤ እሱ ሙዚቃን ከድምፅ ይለያል፣ የጠፋውንም ይመልሳል" አለሽ። አንቺም የስፌት መኪናሽን ሸጠሽ ላፕቶፑንና ፕሮግራሙን ልትገዢ አሰብሽ። ገዢ ተገኝታለች፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ቁርጡን ንገሪኝ ብላሻለች። እኔን ሁለት ነገር ጠየቅሽኝ። አንዱ፣ በቤታችን የቪዲዮ ባለሙያው አንተ ነበርክ፣ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ሌላው፣ ያን ውሃ የገባበት ስልክ ካልጣልከው ላክልኝ፣ የልጃችንን የአሥራ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ላውጣው። በእጄ ያለችው አርባ ሰከንድ ብቻ ናት፣ እሷም በሙዚቃ የተሸፈነች ናት አልሽ።

ከዚያ ቀጥሎ ያለችውን መስመር አንዴ ነው ያነበብኳት። ድምጿ እየጠፋብኝ ነው፣ ሌሊት ሌሊት የጎረቤት ልጅ ድምፅ እየገባ ይደባለቅብኛል ያልሽው።

ስልክ ብደውልልሽ ይሻል ነበር፤ ግን እኛ ስልክ ላይ እኔ እቀልዳለሁ፣ አንቺ ትዘጊያለሽ። ወረቀት ቢያንስ እስኪያልቅ አይዘጋም።

መጀመሪያ እንደ ባለሙያ ልመልስልሽ። ሰፈሩ "ዳይሬክተር" ብሎ የሰየመኝ በከንቱ አይደለም። ሀ ብዬ ፊደል ሳልቆጥር በዚያች ስልክ ስንት ሠርግና ስንት ልደት ቆራርጬ ቀጥያለሁ! ነጻው አፕ በእኔ ልክ የተሰፋ ነበር። መቀሱ መቀስ ነው፣ የሙዚቃው ምልክት ሙዚቃ ነው፣ ቀስቷ መላኪያ ናት። ለዓይን እንጂ ለአንባቢ አልተሠራም። ትልቁ ፕሮግራም ግን ሌላ አገር ነው። አይቼዋለሁ፣ የት እንዳየሁት ኋላ እነግርሻለሁ። ሲከፈት የአውሮፕላን መንጂያ ይመስላል፤ ድምፁ በስንት መስመር ተደርድሮ፣ ምስሉ በስንት መስመር፣ ቀለም የሚታረምበት ለብቻው። ግሩም ነው፣ አልክድም። ግን ገዝተሽው የአንቺ አይሆንም፤ በየወሩ ይከፈልበታል፣ ያልከፈልሽ ወር ይቆለፍብሻል። የስፌት መኪናሽ ስንት ክፉ ወር አብራሽ አሳለፈች፣ አንድ ቀን ተቆልፋብሽ ታውቃለች? ደግሞ አቅም የሌለው ላፕቶፕ ላይ ስትጭኚው እንደ ጥበቃው ዓይኑን ጨፍኖ ይቀራል። እስክትለምጂው ድረስ ያሉትን ወራትማ ተያቸው።

ለፍቅሩ ብሎ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ወደ ትልቁ መሻገር ያለበት መቼ ነው ብትይኝ፣ ትንሹ መሣሪያ ሥራውን መሐል ላይ አስቁሞ ሲያስለቅሰው ነው እንጂ ሻጭ ሲያሞግስለት አይደለም። ይሄን ደግሞ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። እጅጌ ለማሳጠር የፋብሪካ መኪና የሚገዛ ሰፊ አይተሻል? የአንቺ ቪዲዮ የአንድ ደቂቃ ነው። ልጁ ይዞራል፣ ኪሱ ይታያል፣ አለቀ። ጥግ ላይ የምትለጠፈው የአፑ ማኅተም ታሳፍረኛለች ብለሻል። ስትቀርጪ ትንሽ ራቅ በይ፣ ኋላ ዳር ዳሩን ስትከረክሚው ማኅተሟ የምታርፈው ባዶ ግድግዳ ላይ ይሆናል፣ ማንም ልብ አይላትም። ይሄን ምስጢር ለሌላ ሰው በነጻ አልነግርም።

ስለዚህ ለልብሱ ከሆነ አትግዢ። ግን ለልብሱ እንዳልሆነ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ።

ስልኩን ልልክልሽ አልችልም። ለምን እንደማልችል ነው ለጸሐፊዋ አስጽፌው የማላውቀው። በሦስቱም ደብዳቤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ እሷ እስክሪብቶዋን አንስታ "እሺ፣ ቀጥሎስ?" ስትለኝ "ቀጥሎማ ሰላምታ ብቻ ነው" እላታለሁ። በሰው እጅ የሚጻፍ ነገር አለ፣ በሰው እጅ የማይጻፍ ነገር አለ።

ልጃችን በሄደች በሦስተኛው ሳምንት ነው። ለቅሶ የመጣው ሰው ገና ከቤታችን አልወጣም ነበር። አንቺ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ነበርሽ፣ እኔ ደጅ አግዳሚው ላይ ከጋራዡ ልጆች ጋር። ቀለም ቀቢው ፎቶዋ የለህም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። "ፎቶ?" አልኩት። "ዳይሬክተሩን ነው ፎቶ የምትጠይቀው? ፊልም አለኝ እንጂ! ከመታመሟ በፊት የቀረጽኳት፣ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ። ቆይ፣ አሁን ቆራርጬ በሙዚቃ አሳይሃለሁ፣ እንባህን ብቻ ያዝ።" ሰው በልጁ ሐዘን ይጎርራል? እኔ ጎረርኩ። ሌላ የማዘን መንገድ አላውቅበትም ነበር።

በአሥራ አንዱ ደቂቃ ውስጥ ምን እንደነበረ አንቺ አታውቂም። "አሁን አልችልም፣ አስቀምጥልኝ፣ ስችል እጠይቅሃለሁ" ብለሽኝ ነበር። ስለዚህ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝና ልንገርሽ። የእኔን የሥራ ሽርጥ ለብሳ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ወርዶላት፣ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ኋላ ቆማ እኔን ትሆናለች። አሻንጉሊቷ ደንበኛ ናት። "እመቤቴ፣ ይሄ የወንበር ልብስ እኮ ከመኪናው ይበልጣል! መኪናው ቢያረጅ ወንበሩን ይዘው ቤት ይግቡ!" ትላታለች። ጭንቅላቷን እንደ እኔ ትነቀንቃለች። አሻንጉሊቷ ዋጋ ስትቀንስ "እሱማ ለጠላትም አይሆን!" ብላ ጨርቁን ትጠቀልላለች። ከዚያ ሽርጡን አውልቃ፣ አንቺ የሰፋሽላትን አዲሱን የትምህርት ቤት ልብስ ለብሳ መጣች፤ እሱን ለብሳ ስትዞር ነው የሚያልቀው።

ከዚያ ሁሉ ውስጥ እኔ አርባ ሰከንድ መረጥኩ። የትኛውን? ከንፈሯ እምብዛም የማይንቀሳቀስበትን፣ የምትዞርበትን። ለዓይን ያምራል ብዬ። ሙዚቃ ጫንኩበት። ሲያልቅ ስልኩ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ ሁለት መስመር ጽሑፍ፣ ከሥሩ ሁለት ቁልፍ፣ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ቀይ። ከዚያ በፊት ጠይቆኝ አያውቅም። ስልኩ ሞልቶ ቦታ ስላጣ እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። አንቺ አሥር እርምጃ ላይ ነበርሽ። "ነይ እስቲ፣ ይሄ ምን ይላል?" ማለት ብቻ ነበር። አራት ሰው ትከሻዬ ላይ ተደፍቶ እያየ ዳይሬክተሩ ማንበብ አይችልም ላሰኝ? ቀይ ደግሞ ለእኔ መጀመሪያ ነው፤ ቪዲዮ ልቅረጽ ስትይ የምትጫኚው ቀይ ነው። ጣቴን ከፍ አድርጌ፣ ለተመልካች እንዲታይ አድርጌ፣ ቀዩን ጫንኩ።

አርባዋ ሰከንድ ቀረች። አሥራ አንዱ ደቂቃ ሄደ።

ያን ዕለት እንኳ አልገባኝም። አርባዋን ሰከንድ ለሁሉም ላክሁላቸው፣ ለአንቺም ላክሁልሽ፣ ቀለም ቀቢው አለቀሰ፣ እኔ ተመሰገንኩ። ማግስቱን ነው ብፈልግ ብፈልግ ያጣሁት። ከሁለት ወር በኋላ መጥተሽ "አሁን እችላለሁ፣ አሳየኝ" ስትይኝ፣ ውሃ ገባበት አልኩሽ። ውሃ አልገባበትም ነበር። በማግስቱ ለሠሪ ልስጠው እንዳትይ ፈርቼ የልብስ ማጠቢያው ባልዲ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ውሸቴን እውነት አደረግሁት። ዓመት ሳይሞላው የጋራዡ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በወሬ መሐል፣ ከስልክ የተሰረዘ ነገር ቶሎ ባለሙያ ካየው ብዙ ጊዜ ይመለሳል ብሎ ሲያወራ ወንበር እየሰፋሁ ነበር። መርፌው አውራ ጣቴ ውስጥ ገብቶ አልተሰማኝም፤ ደሜን ጨርቁ ላይ ያየልኝ እሱ ነው። ስልኩን ያኔውኑ ወስጄ አሳየሁት። ከፍቶ አየውና ውስጡ ዝጓል፣ አለቀለት አለኝ።

እንግዲህ አንዴ ባለማንበቤ፣ አንዴ በመዋሸቴ አጠፋሁት። የመጀመሪያው ጥፋት ትምህርት ቤት አለው። የሁለተኛውን የት ሄጄ ልማረው?

እንደማላነብ ታውቂ ነበር አይደል? ስድስተኛ ክፍል ጨርሻለሁ ያልኩሽን አንድ ቀን ሳታፈርሺብኝ ኖርሽ። መንገድ ስንሄድ የሱቁን ሁሉ ማስታወቂያ ጮክ ብለሽ ስታነቢ፣ ይቺ ሴት ምን ነካት እል ነበር። ለእኔ እንደነበር የገባኝ ብቻዬን መሄድ ስጀምር ነው፤ መንገዱ ሁሉ ዝም አለብኝ።

የማታ ትምህርት ለምን ገባህ ሲሉኝ ለደመወዝ ልፈርም ነው እላለሁ፤ በጣት መፈረም ሰልችቶኝ ነው እላለሁ። ስድስት ወር እንደተማርኩ ያንኑ አፕ አሁን በያዝኳት ስልክ ላይ ጫንኩት። የወንበር ቪዲዮ በብዛት ቀርጬ ስልኩን ሞላሁት፣ ቆረጥኩ፣ ሙዚቃ ጫንኩ፣ ያ ጥያቄ መጣ። አንድ በአንድ እየቆጠርኩ አነበብኩት። "ዋናው ቪዲዮ ይጥፋ? ከጠፋ አይመለስም" ይላል። ግራጫው "ተው" ይላል። ቀዩ "አጥፋ" ይላል። ያቺን "ተው" የምትል ቃል ደጋግሜ አነበብኳት። ሁለት ፊደል ናት። የክፍላችን ጥበቃ እንኳ በመጀመሪያው ሳምንት ያነባታል።

አንቺ ስትሄጂ፣ በሩ ላይ ሻንጣሽን ይዘሽ "አንድ ቀን እንኳ ሳትቀልድ አልቅስላት" ብለሽኝ ነበር። እኔ ደግሞ "ተራ ያዥልኝ" አልኩሽ። ከዓለም ቀልዶች ሁሉ የከፋው እሱ ነው፣ የእኔ ነው። ቆመሽ ጠበቅሽኝ፤ ሌላ ነገር ይላል ብለሽ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ሄድሽ።

አሁን ትልቁን ፕሮግራም የት እንዳየሁት ልንገርሽ። ደብዳቤሽን ባነበብኩ በማግስቱ ሠርግ ወደሚቀርጸው ባለ ስቱዲዮ ሄድኩ። ሰፈሩን ለሁለት ተካፍለን ነው የምንኖረው፤ እሱ በክፍያ፣ እኔ በነጻ። ስለዚህ እምብዛም አይወደኝም። "ዳይሬክተር፣ ምን እግር ጣለህ?" አለኝ። ቀለም ቀቢው መልሶ የላከልኝን አርባ ሰከንድ ከስልኬ አሳየሁት፣ ሙዚቃውን ታነሳልኛለህ ወይ አልኩት። ድምፁን ሙሉ በሙሉ ዘግተኸው ከሆነ ከሥሩ ምንም የለም አለኝ። ዝቅ አደረግሁት እንጂ አልዘጋሁትም አልኩት። የስቱዲዮውን ሁለት ወንበሮች አዲስ ካለበስክልኝ አንድ ከሰዓት በኋላ እሰጥሃለሁ አለኝ። በሁለት ቀን አለበስኳቸው። ከመኪናው ይበልጣል ልለው አልኩና ተውኩት።

ማክሰኞ ከሰዓት አጠገቡ ተቀመጥኩ። ድምፁን በመስመር ዘርግቶ፣ ሙዚቃውን ከላዩ ላይ እንደ ገበር ቀስ እያለ ገፈፈው። የኮምፒውተር መሸጫው ሰውዬሽ አልዋሸሽም፣ ይገፍፋል። ያልነበረውን ግን አይሰጥም።

መጀመሪያ የወጣው ድምፅ ጠጠጠጠ የሚል ነው፤ ያቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል። "ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጩኸት ነው? እሱንም ላጥፋልህ፣ ንጹሕ ይሆናል" አለኝ። እጁን ያዝኩት። "ተው፣ እናቷ ናት" አልኩት። እንደ እብድ አየኝ። የስፌት መኪናሽ ነው። በሩ ክፍት ነበር፣ ያንቺ ክፍል ከኋላዋ ነው። አርባውን ሰከንድ ሙሉ እየሰፋሽ ነበር።

ቀጥሎ የሚሰማው እኔ ነኝ። "ዞር በይ... ወደ ብርሃኑ... አይ፣ እንደሱ አይደለም... ቀሚስሽን ያዥው... ዞር በይ..." ከአርባው ሠላሳውን የበላሁት እኔ ነኝ። ሰው የገዛ ድምፁን እንዲህ ይጠላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከዚያ መጨረሻው አካባቢ፣ ስትዞር ፊቷ ወደ በሩ ሲሆን፣ "እማዬን ልጥራት?" ትላለች።

"ቆይ፣ ልጨርስ" እላታለሁ።

"እሺ" ትላለች።

ይኸው ነው። ሌላ የለም። እንዴት እንደምትለው ልጽፍልሽ ሞከርኩ፣ በፊደል አልመጣ አለኝ። የጎረቤት ልጅ ድምፅ ግን አይደለም። ስትሰሚው ታውቂዋለሽ።

ባለ ስቱዲዮው ተነስቶ ወጣ። በሩንም ዘጋልኝ። ብዙ ቆይቶ ነው በብርጭቆ ውሃ ይዞ የተመለሰው፤ ሲወጣ ፎጣ ጠረጴዛው ላይ ትቶልኝ ነበር።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው። የስፌት መኪናሽን አትሽጪ። አንድ ከሰዓት በኋላ ለሚያልቅ ሥራ ዕድሜ ልክሽን የሚያኖርሽ አይሸጥም፤ ደግሞም ያቺ መኪና ከልጅሽ ድምፅ ጋር በአንድ ላይ የተቀዳች ናት። ለገዢዋ እምቢ በያት። መቆራረጡን ከወደድሽው በነጻው ቀጥዪ፤ ዋናውን ቅጂ ግን ሁልጊዜ ሌላ ቦታ አስቀምጪ፤ ስልኩ ሲጠይቅሽ ደግሞ አንብቢ። አንቺ ሁልጊዜም ታነቢያለሽ። ለራሴ ነው የምነግረው።

የተጣራውን ድምፅ የያዘውን ፍላሽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አላደረግሁትም። ሾፌሩ እንዳይጥለው ብዬ ነው ልል ነበር፣ ውሸት ነው። ብቻሽን ሆነሽ እንድትሰሚው ልቤ ስላልፈቀደ ነው። የምትመርጪው ግን አንቺ ነሽ እንጂ እኔ አይደለሁም፤ አንድ ጊዜ እኔ መርጬ ያደረግሁትን አይተሻል። ላከው ካልሽኝ በመጀመሪያው አውቶቡስ እልክልሻለሁ። አልፈልግህም፣ ፍላሹን ብቻ ካልሽኝም ይገባኛል፤ ጸሐፊዋን ሳላስቸግር መልስሽን ራሴ አነበዋለሁ።

ካልሆነም ስቱዲዮው ማክሰኞ ከሰዓት ሥራ የለውም። ሰውዬውን ጠይቄዋለሁ፣ ክፍሉን ይለቅልናል። ከአውቶቡሱ ስትወርጂ በስተቀኝ ሦስተኛው በር ነው፤ በላዩ ላይ ስሙ በትልቁ ተጽፏል፣ አሁን አነበዋለሁ። ወንበሮቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ላይ መቀመጥ የለብኝም ካልሽ ደጅ እቆማለሁ። እየሰማሽ ሳለ ምንም አልናገርም። ይሄን ቃል ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።

ትከሻሽን ሙቀት ይግባው። መርፌሽ አይሰበር፣ ክርሽ ከመሐል አይበጠስ፣ ደጅሽን የሚያንኳኳው ሁሉ ልብስ ይዞ የሚመጣ ይሁን። ፈጣሪ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ፣ ሌሊትሽንም ያጣራልሽ፤ ስታስታውሺያት እሷን ብቻ የምትሰሚ ያድርግሽ። የበደልኩሽን አንቺ ታውቂያለሽና አልጠይቅሽም፤ ብቻ ይህን ደብዳቤ እስከዚህ ካነበብሽው ሰላም እደሩ ብያለሁ፣ አንቺና መኪናሽ።

የልጅሽ አባት